በቴሌቪዥን መስኮት ስለሚታዩት እኅቶች፤ ለሚያይ ክርስቲያን የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፥ ይህችን ትንሽ መጽሐፍ ስትገልጥ ምናልባት ሌሎችን ለመውቀስ የተጻፈች ትመስልህ ይሆናል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የራሴን በደል ልነግርህ እወዳለሁ፤ ወንጌልን ለሌሎች ስሰብክ ብዙ ዓመት ከኖርሁ በኋላ በአንዲት ሴት እንባ ስቄአለሁና።

ባለፈው ዓመት፥ ከፋሲካ በዓል በኋላ፥ ከማኅበራችን ሰዎች አንዱ ለእራት ጠራኝ። እርሱ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው፤ ባለቤቱም እንግዳ መቀበል የምታውቅ ሴት ናት። ማዕዱ ከተነሣና ምስጋና ከቀረበ በኋላ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። በጣሪያው ላይ በተተከለው ዲሽ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ትርኢት ነበረ። በትርኢቱም አንድ ጎልማሳ ጽጌረዳ አበባ ይዞ ቆሞአል፤ በፊቱም ብዙ ቈነጃጅት በጌጥ ልብስ ተሰልፈው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ስሟ የተጠራው ቀርባ አበባ ትቀበላለች። ስሟ ያልተጠራ አንዲት ልጅ ግን ተሰናብታ ወጣች፤ በመኪና ውስጥም ተቀምጣ እንደ ሕፃን ስታለቅስ፥ የዓይኗ ኩል ከእንባዋ ጋር በጉንጯ ላይ ሲወርድ፥ ካሜራው ከፊቷ ፈቀቅ አላለም። ከልጆቹ አንዱ አለቃቀሷን አስመስሎ አሳየን፤ በቤቱም ያለነው ሁሉ ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ከረከቦቱ አጠገብ የቤቱ ሠራተኛ ተቀምጣ ከሰሉን ታራግብ ነበር። ከገጠር ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ስለዚህም ንግግሩን አልሰማችም፥ እንባውን ብቻ አየች። እመቤቷንም ቀስ ብላ፦ «እትዬ፥ ይህችን ልጅ እናቷ ታያት ይሆን?» አለቻት። እመቤቷም፦ «ዝም ብለሽ ቡናሽን አፍዪ» አለቻት። ቡናው ቀረበ፥ ጨዋታውም ወደ ሌላ ነገር ተመለሰ። እኔ ግን ያችን ጥያቄ ይዣት ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀችኝም።

ይህ ነገር ከወዴት እንደ መጣ ለማያውቅ በጥቂቱ ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። ፈረንጆች «ሪያሊቲ ሾው» ይሉታል፤ የእውነተኛ ኑሮ ትርኢት ማለታቸው ነው። በ1999 በሆላንድ አገር «ቢግ ብራዘር» የተባለው ተጀመረ፤ ሰዎች በአንድ ቤት ተዘግተው ሲበሉ፥ ሲጣሉና ሲተኙ በካሜራ የሚታዩበት ነው። በ2003 ደግሞ ከ12 የአፍሪካ አገሮች የመጡ 12 ሰዎች የገቡበት የአፍሪካው ቢግ ብራዘር ወጣ።

ከዚህም መካከል በየካቲት ወር 2000 ፎክስ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን 50 ሴቶችን ሰብስቦ አንድ ባለጠጋ ለማግባት አወዳደራቸው። እርሱ በስውር ተቀምጦ ያያቸዋል፤ እነርሱ ግን አያዩትም ነበር። በዋና ልብስ ሆነው ሳይቀር ተመላለሱ። በመጨረሻም አንዲቱን መረጠ፤ እዚያው በመድረኩ ላይ ተጋቡ፤ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብም ተመለከታቸው። ጋብቻው ብዙም ሳይቆይ በፍርድ ቤት ፈረሰ። ሰውዬው ቀድሞ እጮኛው የነበረችውን ሴት እንዳይቀርብ ፍርድ ቤት በ1991 አግዶት እንደ ነበረ ከሰርጉ በኋላ ተሰማ። እንግዲህ ተመልከት፤ የሃምሳው ሴቶች ሰውነት ለሕዝብ ሁሉ ተገለጠ፥ የአንዱ ወንድ ታሪክ ግን ሳይገለጥ ቀረ።

በመጋቢት 2002 ኤ.ቢ.ሲ. የተባለው ቴሌቪዥን «ዘ ባችለር» የሚባለውን ጀመረ፤ አንድ ላጤ ከ25 ሴቶች መካከል የሚመርጥበት ነው። ስቄ የወጣሁት ከዚህኛው ፊት ነበር። በጥር 2003 አንዲት ሴት ከብዙ ወንዶች መካከል የምትመርጥበት «ዘ ባችለረት» ተከተለ፤ ይህንም ሳልናገር ባልፍ አድሎ ይሆንብኛል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስትሰማ መጽሐፈ አስቴርን አላስታወስህምን? በሱሳ ግንብ በንጉሡ በአርጤክስስ ዘመን ከየአገሩ የተዋቡ ደናግል ተሰብስበው በሴቶች ቤት ተቀመጡ። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ሰውነታቸው ይዘጋጅ ነበር፤ ስድስቱን ወር በከርቤ ዘይት፥ ስድስቱን ወር በሽቱ። ከዚያም እያንዳንዲቱ በተራዋ በማታ ትገባለች፥ በማለዳም ወደ ሁለተኛው የሴቶች ቤት ትመለሳለች፤ ንጉሡም ደስ ተሰኝቶባት በስሟ ካላስጠራት በቀር ሁለተኛ ወደ እርሱ አትገባም። እነሆ፥ ስም የመጠራቱ ነገር በዚያ ዘመንም ነበረ። ከእነዚያ ቈነጃጅት መካከል የምናውቀው የአንዲቱን ስም ብቻ ነው። የቀሩት ወዴት ሄዱ? አባቶቻቸውስ ዳግመኛ አዩአቸውን? መጽሐፍ ዝም ብሎአል፤ እኛም ወደ አስቴር ክብር እየቸኰልን ስለ እነርሱ ጠይቀን አናውቅም።

ከአስቴር በፊት ደግሞ አስጢን ነበረች። ንጉሡ መቶ ሰማንያ ቀን የመንግሥቱን ባለጠግነት ካሳየ በኋላ ሰባት ቀን ግብዣ አደረገ፤ በሰባተኛውም ቀን ልቡ በወይን ጠጅ ደስ ባለው ጊዜ ንግሥቲቱን ውበቷን ለሰከሩት ሰዎች ያሳይ ዘንድ አስጠራት። እርስዋም አልመጣም አለች። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር መምህራችን አስጢንን የትዕቢተኛ ሚስት ምሳሌ አድርገው ይነግሩን ነበር፤ እኔም ብዙ ዘመን ከእርሳቸው የሰማሁትን ሳልመረምር ሰብኬአለሁ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ግን ምዕራፉን ደግሜ አነበብሁ። ነገሥታቱና መኳንንቱ ሁሉ በመጠጥ ተሸንፈው ሳለ በዚያ ቤተ መንግሥት የሰውነትን ክብር የጠበቀች እርስዋ ብቻ ሆና አገኘኋት፤ ዋጋውንም በዘውዷ ከፈለች። ስለ ስብከቴ ይቅርታ የምጠይቃት ብትሆን በወደድሁ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ልግባ። ብዙ ሰው ስለዚህ ትርኢት ሲናገር የሴቶቹን ልብስ ማጠር ብቻ ያነሣል። እርሱም የሚነቀፍ ነው። ከእርሱ የሚብስ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የሐሰት ምስክርነት ነው። ትርኢቱ የእውነት ኑሮ ነው ተብሎ ይሸጣል፤ አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። ሰዎቹ ለብዙ ቀን ከዘመድ ይለያሉ፤ ስልካቸው ይወሰዳል፥ መጽሐፍና ጋዜጣም ይከለከላል፤ መጠጥ ግን እንደ ልብ ይቀርባል። ጠያቂዎቹ ሴቲቱን ብቻዋን አስቀምጠው እስክትቆጣ ወይም እስክታለቅስ ድረስ ይጠይቋታል። ካሜራው ከቀረጸው የብዙ መቶ ሰዓት ነገር መካከል ለሕዝብ የሚታየው ጥቂት ነው። ፊልሙን የሚቈርጡት ሰዎች ሰኞ የተናገረችውን ቃል ከዓርብ ቃል ጋር ይቀጥላሉ፤ በድካም ያዛጋችበትን ፊት አንሥተው ባልንጀራዋ ስትናገር የናቀቻት ያስመስላሉ። ስለ ሞተ አባቷ ያለቀሰችው ልቅሶ ስለ ወንዱ ያለቀሰችው ሊሆን ይችላል። አስቀድማ የፈረመችው ውልም እንደ ወደዱ ያሳዩአት ዘንድ ይፈቅድላቸዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ የነበረች ሳራ ገርትሩድ ሻፒሮ የምትባል ሴት ከዘ ባችለር ከወጣች በኋላ በ2015 «አንሪል» የተባለውን ድራማ ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር አዘጋጀች፤ ሴቶቹ እንዴት እንደሚታለሉና እርስ በርሳቸው እንደሚጋጩ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ በሙሴ ጽላት ላይ ሲቀረጽ መቀስና ካሜራ አልነበሩም። ነገር ግን ምስክር ማለት ምንድር ነው? ያየውን አየሁ ብሎ የሚናገር ነው። የሐሰት ምስክርም ዘወትር የሌለውን የሚፈጥር አይደለም፤ ከሆነው ነገር ግማሹን አስቀርቶ ግማሹን የሚናገር ደግሞ ሐሰተኛ ነው። ጌታችንን የከሰሱትም ስለ ቤተ መቅደሱ በእውነት የተናገረውን ቃል ይዘው ጠምዝዘው ነበር። እንግዲህ ዳኛ ሆነህ ብትቀመጥ በተቈራረጠ ቃል በእኅትህ ላይ ትፈርዳለህን? በሶፋ ላይ ተቀምጠን «ይህች ክፉ ናት፥ ይህች ገንዘብ ወዳድ ናት፥ ይህች ሞኝ ናት» ስንል ግን ያለ ጥርጥር ፈርደናል።

የሴቶቹም መልክ ከጥቂት ዓይነት አያልፍም። አንዲት የምታለቅስ፥ አንዲት የምትሳደብ፥ አንዲት የማታስተውል፥ አንዲት የወንድ ቀማኛ መገኘት አለባት። በ2004 የወጣው «ዘ ስዋን» የተባለው ትርኢት ሴቶችን መልከ ጥፉ ናችሁ ብሎ በሐኪም ቢላዋ ካስቀደዳቸው በኋላ ሦስት ወር ያህል መስተዋት ከልክሎ በመጨረሻ ለቁንጅና ውድድር አቀረባቸው። በ2006 በካሊፎርኒያ የተጀመረው የባለጠጎች «የቤት እመቤቶች» ትርኢት ደግሞ እመቤትነትን የስድብና የጭቅጭቅ ሥራ አድርጎ አሳየ። ከዚህ የበለጠ ልዘረዝርልህ አልፈልግም፤ ዝርዝሩ ራሱ ለዓይን ምኞት ይሆናልና።

ይህን የፈረንጅ ኃጢአት ብቻ አድርገህ እንዳታልፈው፥ አንባቢ ሆይ፥ ከአገሬም አንድ ነገር ልንገርህ። ወደ ወንጌል ከመምጣቴ በፊት፥ ገና ልጅ ሳለሁ፥ በሰፈራችን ዛር የሚወርድበት ቤት ነበረ። ማታ ከበሮ ሲመታና ዕጣን ሲጤስ እኛ ልጆች በግድግዳው ስንጥቅ አጮልቀን እናይ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ከበሮው ሲጠናባት ታጓራለች፥ ነጠላዋ ከትከሻዋ ይወድቃል፥ ትወድቃለች። እኛም አፋችንን ይዘን እንስቃለን። በማግሥቱ ወደ ምንጭ ስትወርድ ስናገኛት በክርስትና ስሟ አንጠራትም፤ በዛሩ ስም እንጠራታለን። እርስዋም አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። እንጀራ ትጋግር ነበር፥ የሞተ ልጅም ነበራት፥ ለጎረቤት ሕመምተኛ አጥሚት ይዛ ስትሄድ አይቻለሁ፤ ለእኛ ግን የዚያች የሌሊቷ ሴት ብቻ ነበረች። ዛሬ እርስዋ ሞታለች፥ እኔም ሸምግዬአለሁ። በዚያ የእራት ምሽት ስስቅ የሳቅሁት ያንኑ የልጅነቴን ሳቅ እንደ ነበረ ዘግይቶ ገባኝ። ደግሞም «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እያልን የተረትንን ተረት ከሆላንድ ያመጣልን የለም።

ይህን ማየት ምን ያመጣል የሚል ይኖራል። በ2011 በአሜሪካ የሴት ልጆች ስካውት ማኅበር ዕድሜአቸው ከ11 እስከ 17 የሆነ ከ1,100 የሚበልጡ ልጃገረዶችን ጠየቀ። እንዲህ ያለውን ትርኢት ዘወትር ከሚያዩት መካከል ከመቶ 78ቱ ሐሜት በሴቶች ጓደኝነት ውስጥ የተለመደ ነገር ነው አሉ፤ ከማያዩት መካከል እንዲህ ያሉት ከመቶ 54 ናቸው። ሴቶች በተፈጥሮአቸው እርስ በርስ ተቀናቃኞች ናቸው ያሉት ከሚያዩት ከመቶ 68፥ ከማያዩት ከመቶ 50 ነበሩ። ሚዛን እንዳላጎድል የቀረውንም ልናገር፤ የሚያዩት ልጆች በራሳቸው መታመንና መሪ ለመሆን መውደድ ከማያዩት ይልቅ በዝቶባቸው ተገኝቶአል። እኔ ግን ያስደነገጠኝ «በተፈጥሮአቸው» የሚለው ቃል ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጓደኛዋን ጠላቷ እንድትሆን እግዚአብሔር ፈጥሮአታል ብላ ካመነች ሩትና ኑኃሚን፥ ማርያምና ኤልሳቤጥ ለእርስዋ ምን ይነግሯታል?

አሁን የምነግርህ ታሪክ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ሳልናገረው ማለፍ አይገባኝም። በጃፓን አገር «ቴራስ ሃውስ» የተባለ ትርኢት ነበረ፤ ወጣቶች በአንድ ቤት ሲኖሩ የሚታዩበት ነው። ከእነርሱ አንዲቱ ሐና ኪሙራ ትባል ነበር፤ በትግል ውድድር የምትኖር ብርቱ ልጅ ነበረች፥ እናቷም በዚያው ሙያ የነበረች። የውድድር ልብሷን በልብስ ማጠቢያው መኪና ውስጥ ረስታው ሳለ በቤቱ ያለ ወጣት ከራሱ ልብስ ጋር አብሮ በማጠቡና በማድረቁ ተበላሸ። እርስዋም ተቆጣችበት፥ ባርኔጣውንም ከራሱ ላይ መታ ጣለችው። ነገሩ ይህ ብቻ ነው። በየቤታችን ስለ ተበላሸ ልብስ ስንት ቁጣ ተነሥቶ ስንት ጊዜ በእርቅ አልቆአል! ያንኑ ያህል ጊዜ የነበረው ቁጣዋ ግን ለአገር ሁሉ ታየ፤ የማያውቋትም ሰዎች በስልካቸው ስድብ ይልኩባት ጀመር፤ አንዳንዱም ሙቺ ይላት ነበር። ግንቦት 23 ቀን 2020 በ22 ዓመቷ ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች።

በሚቀጥለው ዓመት የጃፓን የስርጭት ሥነ ምግባር የሚመረምረው አካል በዚያ ትርኢት አሠራር የሥነ ምግባር ጉድለት እንደ ነበረ ገለጠ። ከተሳዳቢዎቹም አንዱ 9,000 የን ተቀጣ፤ ይህም ትንሽ ገንዘብ ነው። እናቷ ግን ዝም አላለችም፤ ሕጉ ይጠብቅ ዘንድ ደከመች። በ2022 የአገሩ ምክር ቤት ሰውን በአደባባይ መስደብ እስከ አንድ ዓመት በእስራት እንዲያስቀጣ ሕጉን አጸና። ያች የቡና ልጅ የጠየቀችውን ጥያቄ አስብ። አዎን፥ እናቶቻቸው ያዩአቸዋል።

«እነርሱ ራሳቸው ወድደው ገብተዋል፤ ማን አስገደዳቸው?» ትለኝ ይሆናል። ይህ ትልቅ ክርክር ነው፤ እኔም ለራሴ አቅርቤው ነበር። እውነት ነው፥ በሱሳ እንደ ነበረው በንጉሥ ትእዛዝ አልተወሰዱም። ዝና ፈልገው፥ ገንዘብ ፈልገው፥ አንዳንዶቹም በእውነት ባል ፈልገው ገብተዋል። ነገር ግን ጐረቤትህ ወድዶ ሰክሮ በመንገድ ቢወድቅ ልጆችህን ጠርተህ ታሳያቸዋለህን? ካምም አባቱ ኖኅ ወድዶ በጠጣው ወይን ተራቁቶ ቢያየው ለወንድሞቹ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው አድርገው የኋሊት ሄዱ። ሁለቱ የተባረኩት ኖኅ አልሰከረም ብለው አይደለም፤ ፊታቸውን መልሰው ነው።

ደግሞ ከወንድ ስለ ሰማሁት ሌላ ምክንያት አንድ ቃል ልናገር፤ «የሴቶችን ተንኰል እንድናውቅ ይጠቅመናል» የሚል ነው። ወንድሜ ሆይ፥ ይህን ያልህ እንደ ሆነ የራስህን ልብ መርምር። ዳዊትም በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ የከተማውን ደኅንነት እያየ ይመስለው ይሆናል።

አሁን በዮሐንስ ወንጌል በስምንተኛው ምዕራፍ ወደ ተጻፈው ነገር እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው እርሱ ነውና። ጻፎችና ፈሪሳውያን አንዲት ሴት በምንዝር ተይዛ አመጡና በመካከል አቆሟት። ሕጉ ወንዱንም ሴቲቱንም የሚመለከት ነበረ፤ ወንዱ ግን በዚያ የለም። የሚታየው የእርስዋ ፊት ብቻ ነው። ማለዳ ነበረ፥ በቤተ መቅደስም ሕዝብ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ ትርኢት ለማድረግ የጎደለው ካሜራ ብቻ ነው። ሁሉም ስለ እርስዋ ይናገራሉ፥ እርስዋን ግን የሚያናግራት የለም። ጌታችንስ ምን አደረገ? ጎንበስ ብሎ በጣቱ በምድር ላይ ጻፈ።

ምን እንደ ጻፈ ሊቃውንት ብዙ ተናግረዋል። እኔ የማውቀው የለም፤ የሚያስደንቀኝም ጽሕፈቱ አይደለም፥ ጎንበስ ማለቱ ነው። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ዓይን በእርስዋ ላይ ሲተከል ዓይኑን ወደ መሬት ያደረገ እርሱ ብቻ ነበረ። ከሳሾቹን ተናግሮ ዳግመኛ ጎንበስ አለ። ከሽማግሌዎች ጀምሮ አንድ በአንድ ወጡ፤ የሚያያትም ሰው በጠፋ ጊዜ ቀና ብሎ አናገራት። በዚያ ማለዳ የተናገራት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነበር። ኃጢአቷንም አልሸሸገላትም፤ ነገር ግን ለብቻዋ ነገራት። በሰው ሁሉ ፊት ማዋረድንና በስውር መገሠጽን የሚለየው ይህ ነው፤ እኛ ሰባኪዎችም ሳንቀር በመድረካችን ላይ ይህን እንረሳለን፥ የአንዲትን ምእመን ውድቀት ለስብከት ማጣፈጫ ስናደርግ ተገኝተናልና።

ሴትን በቴሌቪዥን ማሳየት ሁሉ ክፉ ነው የምል እንዳይመስልህ። በእንግሊዝ አገር ከ2010 ጀምሮ ኬክና ዳቦ የሚጋግሩ ሰዎች የሚወዳደሩበት ትርኢት አለ። በ2015 ያሸነፈችው ናዲያ ሁሴን ናት፤ ከባንግላዴሽ የመጡ ወላጆች ልጅ፥ የሦስት ልጆች እናት፥ ራሷን ተሸፋፍና የምትጋግር እስላም ሴት ናት። በሚቀጥለውም ዓመት የንግሥቲቱን የዘጠናኛ ዓመት የልደት ኬክ እንድትጋግር ተጠየቀች። በዚያ ትርኢት ካሜራው እጇን አየ፥ ሊጡን አየ፥ ስትሳሳትና ስታርም አየ። በመጽሐፈ ምሳሌ መጨረሻ የምትመሰገነውም ሴት በእጇ ሥራ በአደባባይ የምትመሰገን ናት። ሴት በሥራዋ ስትታይ ቤተ ሰብህን ሰብስበህ እይ፤ እኔም ብትጠራኝ እመጣለሁ።

በቤትህ ግን እንዲህ ብታደርግ መልካም ነው። ልጆችህን በቁጣ ብቻ ቴሌቪዥኑን አትዝጋባቸው፤ ከሌላ ቤት ሄደው ያዩታልና፥ ዛሬ ደግሞ በኪሳቸው ባለው ስልክ ያዩታል። አጠገባቸው ተቀመጥና ጠይቃቸው፦ ይህ ፊልም ሲቈረጥ ምን የቀረ ይመስላችኋል? ይህችን ሴት እንድታለቅስ ማን ምን አላት? ወንዱ ያደረገውስ ለምን አልተነገረም? ወንዶች ልጆች ይህን መጠየቅ ከሴቶቹ ይልቅ ያስፈልጋቸዋል። ስለማታውቃት ሴት ስድብ መጻፍንና ሲጻፍ ማስተላለፍን እንደ ድንጋይ ውርወራ ቍጠረው፤ ልጆችህም እንዲሁ ይቍጠሩት። በቤትህ የምትሠራውንም ልጅ ቡና ከማፍላት በቀር አሳብ የሌላት አታድርጋት። እኔ በሥነ መለኮት ከተማርሁት በዚያች ሌሊት እርስዋ የጠየቀችው በልጦብኛል፤ ሁለተኛ ወደዚያ ቤት በሄድሁ ጊዜ ስሟን ጠየቅሁ፤ ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር።

እኅቴ ሆይ፥ ወደ እንደዚህ ያለ ትርኢት የተጠራሽ እንደ ሆነ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ለሚያነብልሽና ለሚወድሽ ሰው አሳዪ። ፊልሙን ማን ይቈርጠዋል? እኔስ ሳይወጣ አየዋለሁን? ብለሽ ጠይቂ። መልሱ አይሆንም ከሆነ አስጢንን አስቢያት።

እንግዲህ አንድ ነገር ቀርቶአል። ከእነዚህ ሴቶች አንዲቱ፥ ወይም ሳታውቅ ተቀርጻ ምስሏ በየስልኩ የዞረባት ልጅ፥ አንድ እሑድ ወደ ጸሎት ቤታችን ትመጣ ይሆናል። በየከተማው የዚህ ዓይነት መከራ ያገኛቸው ልጆች አሉና ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል፤ ወጣቶቹ ይጠቃቀሳሉ፤ አንዲት እናትም ልጇን ከአጠገቧ ታነሣ ይሆናል። አንተ ግን፥ ሽማግሌ ብትሆን፥ ከመጨረሻው ወንበር አትተዋት። እናቶችን ልከህ በመካከላቸው አስቀምጣት። ከጸሎት በኋላ ወደ ቤት ጋብዟት፥ ቡና ይፈላላት፥ ቴሌቪዥኑም ተዘግቶ ይቆይ። ስለ ፊልሙ አትጠይቋት። ስለ አገሯ፥ ስለ እናቷ፥ ስለ ሥራዋ ጠይቋት። ስለዚያ ነገር ልትናገር የወደደች እንደ ሆነ በራሷ ጊዜ ትናገራለች፤ ያን ጊዜ የምታውቁትን ሁሉ እንደማታውቁ ሆናችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሟት።